የፍሪሲዮኑ እግር

«በዝምታ ከምታስታምመኝ፣ ብቻዬን ወድቄ ብሰበር ይሻለኛል።»

ልብስ ሰፊዋ ይህን የሰማችው ለብ ያለ ውሃ በሳፋ ይዛ፣ ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ የባሏን ክፍል በር በክርኗ ልትገፋ ስትል ነው። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ባሏ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ፣ ሌላ ከተማ አግብታ ከምትኖረው ልጃቸው ጋር በስልክ ያወራል። ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዳ ከሞተሩ አጠገብ ስለኖረ ጆሮው ከብዷል፤ ምስጢር ሲያወራ እንኳን መንገደኛ እንደሚጠራ ሰው ይጮሃል። የድሮ ረዳቱ ከአንድ ጎሚስታ ሱቅ በላይ ያለች ክፍል እንዳገኘለት፣ አልጋም እንደገባላት፣ ዛሬ ክሊኒክ የምታሠራው ባለሙያ «ይችላሉ» ካለችው ነገ ጠዋት ዕቃውን ይዞ እንደሚወጣ ነገራት። ልጃቸው ምን እንደመለሰች አይሰማም። ትንሽ አዳመጠና፣ «ክፉ ሆናብኝ አይደለም» አለ፤ «ታጥበኛለች፣ ታበላኛለች፣ እግሬን ታስራለች። ግን ግድግዳ ነው የሚያስታምመኝ የሚመስለኝ። እስክወጣ ድረስ ለሷ ምንም እንዳትነግሪያት። ለሷም እረፍት ነው።» ሳፋውን እንደያዘች በጣቷ ጫፍ እየረገጠች ወደ ወጥ ቤት ተመለሰች፤ ያልቀዘቀዘውን ውሃ ደፍታ ሌላ ጣደች። ሲሞቅላት አንድ ሁለቱን ሳህን ሆን ብላ አንኳኳች፣ እየመጣች መሆኑን እንዲሰማ።

ከተኳረፉ ዓመታት አልፈዋል። ነገሩ የተጀመረው በስፌት መኪና ነው። አንድ ቀን ከገበያ ስትመለስ ሙያ የጀመረችባት አሮጌዋ መኪና ከቦታዋ የለችም፤ ለእህቱ ሰጥቷታል። አዲስ መኪና ስላላት አሮጌዋ የማትፈለግ መስሎት ነበር። እሷ ይቅርታ እስኪጠይቃት ድረስ ብላ ዝም አለች፤ እሱ ደግሞ ኩርፊያዋ እስኪያልፍላት ድረስ ብሎ ዝም አለ። ቀኑ ሳምንት ሆነ፣ ሳምንቱም ዓመት። ማንም ቤቱን ጥሎ አልወጣም፣ ማንም ሳህን አልወረወረም። እሱ የፊቱን ክፍል ያዘ፣ እሷ የጓዳውን። ቤት ያለ ንግግር አይሄድምና የግድ የሚባል ነገር ሲኖር ለግድግዳ ይናገሩ ጀመር። እሱ ሬዲዮኑን እያየ «ነገ ውሃ ይጠፋል አሉ» ይላል፤ እሷ ድስቱን እያማሰለች «እንግዲያው ዛሬ ይቀዳላ» ትላለች። «አንተ» እና «አንቺ» የሚሉት ቃላት ከቤቱ ጠፉ። ልጃቸው አብራቸው ሳለች አስተርጓሚ ነበረች፤ እሷ ስታገባ ግድግዳው ብቻ ቀረ። ጎረቤት ግን ጭቅጭቅ የማይሰማበት ቤት እያለ በነሱ ይቀናል፤ የከረረ ጠብ ያለባቸው ባልና ሚስት ሲገኙ እነሱን አርአያ አድርጎ የሚጠቅስም አልጠፋ።

አምና አንድ ጠዋት ጫማውን ሊያስር ጎንበስ እንዳለ በዚያው ወደቀ። ያን ቀን ኩርፊያውን ረስታ ስሙን እየጠራች ጮኻለች፤ እሱ ግን አልሰማም። ስትሮክ ነው አሏት። ከሆስፒታል ሲወጣ አፉ ተቃንቶለት፣ ነገር አዋቂነቱም ተመልሶለት ነበር፤ ግራ እጁ ግን ግማሽ በግማሽ ነው የሚታዘዘው፣ ግራ እግሩ ደግሞ ሲነሳ ጣቶቹ ይንጠለጠላሉ፣ ሲያርፍ ቁርጭምጭሚቱ ወደ ውስጥ ይጠመዘዝና በጠርዙ ይረግጣል። ክሊኒክ የምታሠራው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ መጀመሪያ ቀን የትኛው እግር እንደሆነ ስትጠይቀው «የፍሪሲዮኑ» አላት። ልጅቱ መኪና ስለማትነዳ፣ ማርሽ ሲቀየር ፍሪሲዮን የሚረግጠው ግራ እግር መሆኑ አልገባትም። «ነዳጁና ፍሬኑ ደህና ናቸው፤ ማርሽ መቀየር ነው ያቃተኝ» አላት። ሚስቱ ጥግ ላይ ተቀምጣ በሻርፗ አፏን ሸፍና ሳቀች፤ የሳቀችው ወደ መስኮቱ ዞራ ነው።

እግሩን ማሰር ያስተማረቻት ያቺው ባለሙያ ናት። የሚለጠጥ ፕላስተር ነው። አንዱ ቁራጭ ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት ይነሳና በተረከዝ ሥር አልፎ፣ ጠበቅ ተደርጎ ተስቦ፣ በውጭ በኩል ወደ ባት ይወጣል፤ ሌላው ከእግር ጀርባ ወደ ቅልጥም ይወጣና ጣቶቹን ቀና ያደርጋል። ፕላስተሩ ሰውየውን አይሸከመውም ብላታለች፤ እግሩ ሊጠመዘዝ ሲል ያዝ ያደርገዋል፣ የት እንደረገጠም ያስታውሰዋል፤ ዋናው ሥራ ግን የየቀኑ ልምምድ ነው። ሚስቲቱ የሚለጠጥ ጨርቅ ስትሰፋ የኖረች ናትና ስታየው ገባት። ጫፉ እንዳይላጥ ማዕዘኑን በመቀስ ክብ ታደርገዋለች፣ ሙጫው እንዲይዝ በመዳፏ እያሸች ታሞቀዋለች። በየሁለት በየሦስት ቀኑ፣ ቆዳው ቀላ ካለ ደግሞ አንድ ቀን አሳርፋ፣ ታስረዋለች። በዚያ ቤት ውስጥ አንዱ የሌላውን ገላ ለረጅም ጊዜ የሚነካበት ሰዓት ይሄ ብቻ ነው። እሱ ጣሪያ ጣሪያ ያያል፣ እሷ አንገቷን ደፍታ ትሠራለች፤ ስትጨርስ የተራረፈውን ፕላስተር ለቅማ ትወጣለች።

ያን ጠዋትም በርጩማው ላይ ተቀምጣ እግሩን ጉልበቷ ላይ አሳረፈች። አጠበችው፣ በጣቶቹ መሀል ሳይቀር አደረቀችው፣ ቆዳውን አገላብጣ አየች። «ቀና ይበል» አለች ለእግሩ። እሱ እንደምንም ቀና አደረገው። ፕላስተሩን ከውስጥ በኩል ለጥፋ በተረከዙ ሥር አሳለፈችና መሳብ ያለበት ቦታ ላይ ስትደርስ እጇ አልሳበም። ማላላቷን አታውቅም ማለት አይቻልም፤ ታውቃለች። ከውጭ ሲታይ እንደ ወትሮው ነው፤ ሁለተኛውንም እንዲሁ አደረገችው። ባለሙያዋ ዛሬ ሲንገዳገድ አይታ «ገና ነው» ትለዋለች፤ ረዳቱም ክፍሏን ለሌላ ሰው ያከራያታል፤ የፊተኛው ክፍል ሬዲዮ እንደ ወትሮው ማታ ማታ ይሰማል። ያሰበችው ይህን ያህል ነው። ካልሲውን አጠለቀችለት፣ ጫማውን አሰረችለት፣ ምርኩዙን ከአልጋው ራስጌ አንስታ አጠገቡ አቆመችና ልብሷን ልትቀይር ሄደች።

መንገድ ላይ እሱ ምርኩዙን በቀኝ እጁ ይዞ ይቀድማል፤ እሷ በግራው በኩል ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ቀርታ፣ እጇን ቀበቶው አጠገብ አድርጋ ትከተላለች፣ ሳትነካው። ያን ቀን ከበሩ ጀምሮ አረማመዱ ልክ አልነበረም። ልብስ ንጽሕና መስጫው ጋ ሲደርሱ የእግረኛው መንገድ ንጣፍ ተነስቷል፤ እግሩ እዚያ ላይ ሲያርፍ ወደ ውስጥ ታጠፈ፣ ምርኩዙ ሸተት አለ፣ ሰውዬው እንዳለ እሷ ላይ መጣ። ትከሻዋ ግድግዳውን መታው፤ ግን ያዘችው። አልጮኸም። ትንፋሹ ብቻ ጆሮዋ ሥር ቁርጥ ቁርጥ አለ። ክብደቱ ገረማት፤ ራሷ ያጠበችበት ሳሙናም ሸተታት። ማዶ ቲማቲም የምትሸጠው ሴት ብድግ ብላ እጇን ራሷ ላይ አደረገች። ልብስ ሰፊዋ ባሏን ንጽሕና መስጫው ደፍ ላይ አስቀመጠችውና፣ ወደ አስፋልቱ እያየች፣ «ተላጧል። እንደገና ይታሰር» አለች።

በዚያው በመንገዱ ላይ ተንበረከከች። ጫማውን አወለቀች፣ ካልሲውን አወለቀች፣ ቆዳውን በአንድ እጇ ይዛ በሌላው የጠዋቱን ፕላስተር ቀስ ብላ ላጠችው። ምንም የተላጠ ነገር አልነበረም፤ አጥብቆ ይዞ ነበር፤ ላልቶ ነው እንጂ። ጥቅሉና መቀሱ ሁልጊዜ ከቦርሳዋ አይጠፉም። ሰው እየዞረ ያልፋቸዋል። አንዲት እናት ልጇን ወደ ጎን ሳብ አድርጋ መንገድ ሰጠቻቸው፤ ልጁ ግን እስኪታጠፉ ድረስ አንገቱን አዙሮ እያያቸው ሄደ። እግሩን በሻርፗ አደረቀችውና አዲሱን ፕላስተር በተረከዙ ሥር አሳልፋ ሳበችው፤ ጥርሷን ነክሳ፣ ልኩ ጋ እስኪደርስ ሳበችው። ከዚያ ጀምራ እስከ ባቱ ድረስ በመዳፏ አሸችው። እሱ ያን ጊዜ ወደ ሰማይ አላየም፤ እጇን ነበር የሚያየው። እያያት መሆኑን ስላወቀች አንገቷን ይበልጥ ደፋች።

ክሊኒኩ ረጅም ኮሪደር፣ ግድግዳ የሚያህል መስታወት፣ መደገፊያ ብረቶችና የትም የማያደርስ ባለ ጥቂት ደረጃ የእንጨት መወጣጫ ያለው ነው። ወረፋ የሚጠብቁት አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው አንዱ የሌላውን እግር ያያሉ። ባለሙያዋ ሾፌሩን ወለሉ ላይ በተሰመረው መስመር አስኬደችው፣ አዞረችው፣ መለሰችው። መዞሩ ነው የሚያስቸግረው፤ ያን ቀን ግን እንደ ረጅም አውቶቡስ ሰፋ አድርጎ ዞረና ሳይደገፍ ተመለሰ። ዓይኑን ጨፍኖ እንዲቆም፣ ወደ ጎን እንዲራመድ፣ ወለል ላይ ያለ ነገር እንዲሻገር አዘዘችው። መወዛወዙ ቀንሷል፣ እርምጃውም ተመጣጥኗል አለች። ሚስቱ በመስታወቱ ውስጥ ታየዋለች። ራሷንም እዚያው አየችው፤ ጥግ ላይ ቦርሳ ታቅፋ የቆመች፣ ከሰውዬው ጋር ምን እንደሚያገናኛት የማይታወቅ ሴት።

«ብቻዬን መኖር እችላለሁ?» አለ በዚያ በማይቀንሰው ድምፁ። አግዳሚው ላይ ያሉት ሁሉ ዞሩ።

ባለሙያዋ ሚስቱን አየቻት። ሚስቱ መስታወቱን ታያለች። ቤቱ ደረጃ እንዳለው ሲነግራት ባለሙያዋ ወደ እንጨቱ መወጣጫ ወሰደችው፤ ሲወጣ ደህናው እግር እንዲቀድም፣ ሲወርድ የታመመው እንዲቀድም፣ መደገፊያውን እንዳይለቅ እየነገረች አወጣችው፣ አወረደችው። ላቡን እየጠረገ ሲቀመጥ ወድቆ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀችው። አላውቅም አለ፣ ቶሎ።

«እናቴ፣ እውነታቸውን ነው?» አለች ባለሙያዋ ወደ ሚስቱ ዞር ብላ።

ይህን ጊዜ አንድ ቃል ይበቃ ነበር። መታጠቢያ ቤት ወድቆ፣ ተነስቶ ለልጃቸው እንኳን ሳይነገር የቀረበትን ቀን ሁለቱም ያውቁታል። እሱ ወለሉን ያያል፤ ቀኝ ጉልበቱ ላይ ያለው እጁ ተጨብጧል። ሚስቲቱ ቦርሳዋን ወደ ሌላው ክንዷ አዞረች።

«አንዴ ወድቋል» አለች። «ቆዳው ይረፍ ብለን ፕላስተሩን ያነሳን ቀን ነው። በደንብ ከታሰረ ግን አይወድቅም። ይችላል።»

ባለሙያዋ አሰብ አደረገች። መታጠቢያ ቤቱና ደረጃው መደገፊያ ከገባላቸው፣ ምርኩዙን ካልጣለ፣ ልምምዱን ካላቋረጠ፣ በየቀኑ ብቅ ብሎ የሚያየው ሰው ካለ፣ ባልወደውም አልከለክልም አለች። ፕላስተሩ ግን ለጊዜው አይቀርም፤ ማን ሊያስርለት ነው? ራሴ እማራለሁ አለ። ጥቅሉን ሰጠችው። ግራ እግሩን በቀኙ ላይ አጣጥፎ ጫፉን በቀኝ እጁ ለጠፈ፤ የሚስበው ግራው መሆን ነበረበት። ግራ ጣቶቹ ሲታዘዙ ዘግይተው ነው የሚከፈቱት፤ እስኪከፈቱ ፕላስተሩ ተጠቅልሎ ራሱ ላይ ተጣበቀ። ሌላ ቆረጠችለት፤ ያኛው ደግሞ ሱሪው ላይ ተለጠፈ። የሚቀጥለውን በጥርሱ ሊይዘው ሞከረ። ጠባብ መንደር ውስጥ ያንን የሚያህል አውቶቡስ በአንድ እጁ ያዞር የነበረው ሰውዬ አፍንጫው ላይ ላብ ጠብ ጠብ አለ፤ አግዳሚው ላይ ያሉት ሰዎች አንድ በአንድ ፊታቸውን አዞሩ፤ እንደዚያ በአንድነት ዞር ማለታቸው ይበልጥ አጋለጠው። ሚስቲቱ ለማየት አልቻለችም።

«እኔ እየሄድኩ አስርለታለሁ» አለች።

ባለሙያዋ ግራ ገባት። «አብራችሁ አይደል እንዴ የምትኖሩት?»

 ሚስቲቱ ጎንበስ ብላ የተበላሸውን ፕላስተር ከወለሉ ለቀመች።

ሲመለሱ ታክሲው የኋላ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ደረሳቸው። መንገዱ ተዘጋግቷል። ሹፌሩ ባዶ ቦታ ባየ ቁጥር ጥሩምባ ይነፋል፤ ሌላ ቀን ቢሆን ባሏ ይህን ሰምቶ የማርሽ አያያዙን ለግድግዳው ይተች ነበር።  መብራት ላይ ቆመው ሳለ፣ እንዳለው በማታውቀው ዝቅተኛ ድምፅ፣ የፊተኛውን ሰው ማጅራት እያየ ተናገረ።

«ጠዋት አላልተሽው ነበር።»

ከብዙ ዓመት በኋላ ለሷ የተነገረ ነገር ነው፤ ለሷ መሆኑን ለማረጋገጥ ጊዜ ወሰደባት።

«አዎ» አለች።

«ስልኩን ሰምተሽ ነው?»

«ሰምቼ ነው።»

መብራቱ ለቀቃቸው። የተወሰነ ከሄዱ በኋላ መምጣቱ ከከበዳት ሰው እንደሚቀጥር ነገራት።

«ሰው ያላላብሃል» አለች።

ወደ መስኮቱ ዞረ። ትከሻው ነቅነቅ ሲል አየች፤ ሳቅ ይሁን ሌላ መለየት አልቻለችም፣ ፊቱን ወደ ውጭ አድርጎ ነበርና። ልትጠይቀው ትችል ነበር። «አትሂድ» የሚለው ቃልም እዚያው ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፤ አንድ ሰው ቀስ ብሎ ቢጎትተው የሚወጣ። እሱም «ልቅር እንዴ?» ብሎ ቢጀምርላት ይበቃት ነበር። «ወራጅ አለ» ብላ ለታክሲው ረዳት እስክትጮህ ድረስ ይህን ስትጠብቅ ነበር። እንዲወርድ እጇን ዘረጋችለት፤ የበሩን ብረት ይዞ ብቻውን ወረደ። እንዳስተማሩት የታመመውን እግር አስቀደመ።

ከሰዓት በኋላውን በሁለት ክፍል ሆነው አሳለፉት። እሱ በአንድ እጁ ልብስ ያጥፋል፤ መሳቢያ ሲከፈት፣ ሲዘጋ፣ አንድ ነገር ሲወድቅ፣ ወንበር ሲጎተት ይሰማታል። የሆነ ነገር በወደቀ ቁጥር እጇ ላይ ያለውን ታቆምና እስኪነሳ ታዳምጣለች። ሸሚዞቹን ተኮሰች። የአንዱ ቁልፍ ላልቶ ስላየችው አጠበቀችው፤ ሌላውም በአንድ እጅ ለመቆለፍ እንደሚያስቸግረው ታውቅ ነበርና የቁልፍ ቀዳዳውን ትንሽ አሰፋችው። ፎጣ፣ ሳሙና፣ ሁለት አንሶላ፣ መቀስ የማያስፈልገው ተቆርጦ ያለቀ ፕላስተር፣ ሁሉንም በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ደረደረችለት። ሾርባውን እንደ ወትሮው በትሪ አስገባችለት፤ እሱም እንደ ወትሮው ሲጨርስ ማንኪያውን ሳህኑ ላይ አንኳኳ። ሁሉም ነገር እንደ ወትሮው ነበር፤ አንድም የተለየ ነገር ቢገኝ ደስ ባላት።

መሸት ሲል ትሪውን ልታነሳ ገባች። አልጋው ላይ ሻንጣው ተዘግቷል። እሱ በሸሚዝ፣ ጫማውን ሳያወልቅ፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል፤ ተሳፋሪ ይመስላል። ትሪውን አንስታ ስትዞር ድምፁ ከኋላዋ መጣ።

«ደረጃው ጨለማ ነው» አለ። «ፀሐይ ሳትወጣ እንዳትመጪ።»

«እሺ» አለች።

ሳህኖቹን አጠበች፣ ወጥ ቤቱን ዘጋች፣ ወደ ጓዳዋ ገብታ ሻርፗን መስቀያው ላይ ሰቀለች። አልጋዋ ላይ ቁጭ ካለች በኋላ ነው የሚሄድበት ቤት የት እንደሆነ እንዳልጠየቀችው የገባት። በሰፈሩ ዋና መንገድ ላይ ጎሚስታ ሁለት ነው፤ አንዱ ነዳጅ ማደያው ጎን፣ ሌላው ድልድዩን ተሻግሮ። ተነስታ እስከ ኮሪደሩ ሄደች። በበሩ ሥር መብራቱ ገና ይታያል፤ እሱ እንደተቀመጠ ነው፣ ወንበሩ አልተንቀሳቀሰም። እጇን አነሳች፣ መልሳ አወረደችው። ጠዋት፣ ሻንጣው ሳይወጣ፣ ትጠይቀዋለች። ተመልሳ ተኛች፤ በጨለማው ውስጥ እንዴት ብላ እንደምትጠይቀው ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ሞከረችው። «የትኛው ነው ቤትህ?» የምትለው ይህን ነበር። ሌላው ቃል ሁሉ ይወጣላታል። «ቤትህ» የሚለው ጋ ስትደርስ ግን ከንፈሯ ይቆማል፤ እንደገና ከመጀመሪያው ትነሳለች።